ዕውቀት ያላቸው ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ለምን ዝም ይላሉ? የጠባይ ጉዳይ ነው ወይስ ሌላ?

የሳቢያኑ ጠጋኝ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ።

በድሬዳዋና በአካባቢዋ የፍሪጅ፣ የአየር ማቀዝቀዣና የውኃ ፓምፕ ጥገና የምንሠራ ሰዎች የምንገናኝበትን አንድ የቴሌግራም ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኜ አስተዳድራለሁ። ሙቀቱ ሲበረታ ሥራው ይደራረባል፤ ጥያቄውም አብሮ ይበዛል። መልስ የሚሰጡት ግን ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል አንዳንዶቹ ከዕውቀታቸው ድፍረታቸው ይበልጣል። በከተማው አንቱ የተባሉት፣ ኮምፕሬሰር ሲነሣ ድምፁን ሰምተው ብቻ ጉድለቱን የሚለዩት ባለሙያዎች መልእክቱን ሁሉ እያነበቡ አንዲት ቃል አይጽፉም።

ጉዳዩን እዚህ እንዳመጣው ያደረገኝ በቅርቡ የሆነ ነገር ነው። አንድ ወጣት ጠጋኝ ጋዙ ያለቀበት የመሰለውን አዲስ ፍሪጅ ቧንቧውን በእሳት ሊበይድ መሆኑን ጽፎ ምክር ጠየቀ። ከለጠፈው ፎቶ ላይ የኮምፕሬሰሩ ጽሑፍ በግልጽ «አር 600ኤ» ይላል። ይህ ጋዝ ኢሶቡቴን ነው፤ እንደ ሌላው የፍሪጅ ጋዝ እንደ አር 134ኤ አይደለም፣ በቀላሉ ይቀጣጠላል። በውስጡ የቀረው ጋዝ በደንብ ሳይወጣና ክፍሉ ሳይናፈስ እሳት የሚያስጠጋ ሰው ከራሱም አልፎ ለቤቱ ሰው ይተርፋል። ከቡድኑ ውስጥ አንዱ ወዲያው «ችግር የለውም፣ በይደው» ብሎ መለሰለት። አደጋውን የሚያውቁት አንጋፋዎች ደግሞ «ልጁን በቶሎ አስቁመው» እያሉ ለእኔ በግል ጻፉልኝ። ልጁ ደግነቱ ቆመ። ነገር ግን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁሉም እንዲያነበው፣ እዚያው ከጥያቄው ሥር ለመጻፍ ምን ያዛቸው?

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ሲሉ ኖረዋል፤ በዚህ አነጋገር ያደገ ሰው ዕውቀቱን በአደባባይ ማውጣት ታይታ ሊመስለው እንደሚችል ይገባኛል። ሆኖም በዚያው ባህል ያደጉ ሌሎች ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ ይውላሉ። ታዲያ ልዩነቱ ከተፈጥሮ ጠባይ የሚመጣ ነው? ከሆነስ፣ ጠባዩን መለወጥ የማይቻለውን ሰው ዕውቀቱን እንዲያካፍል ማድረግ የሚቻልበት መንገድ ይኖር ይሆን? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።

ደቻቱ ማዶ፦

ወንድሜ ጠጋኝ፣ ጥያቄህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ወደ ጠባይ አትውሰደው። እኔም በዚሁ ሥራ እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ይህንን ሙያ የተማርኩት መሣሪያ ተሸክሜ፣ ሱቅ ጠርጌ፣ ያለ ደመወዝ ዓመታት አሳልፌ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጽፍ በሁለት መስመር የምመልስለት ከሆነ፣ ነገ ያው ሰው ከሱቄ ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ በግማሽ ዋጋ ይሠራል። ደግሞም በቡድናችሁ ውስጥ ያሉት ጠጋኞች ብቻ አይደሉም፤ ደንበኞችም ገብተዋል። «አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ኮምፕሬሰሩን የሚያስነሣው ሬሌ ነው፣ እሱን መቀየር ይበቃል» ብዬ በአደባባይ ከጻፍኩ በኋላ የእጄን ዋጋ እንዴት እጠይቃለሁ?

ስለዚህ ዝምታዬ ከዓይን አፋርነት የመጣ አይደለም። በርጫ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፤ ከእኔ በላይ የሚያወራ ሰው የለም።

የሥነ ልቦና መምህር (ድሬዳዋ)፦

ሁለቱንም ጽሑፎች በትኩረት አነበብኳቸው። ይህ ርዕስ በትምህርት ዘርፌ ብዙ ስለተጠና፣ ረዘም ያለ ነገር ብጽፍ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የባሕርይ ተመራማሪዎች ሰውን ተናጋሪና ዝምተኛ ብለው ለሁለት ብቻ አይከፍሉትም። በብዛት የሚሠራበት መለኪያ አምስት መስመሮች አሉት፤ እነርሱም ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጠንቃቃነት፣ ከሰው ጋር መቀላቀልን መውደድ፣ ገርነት፣ እንዲሁም በቀላሉ የመጨነቅ ዝንባሌ ናቸው። እያንዳንዱ ሰው በአምስቱም መስመሮች ላይ የየራሱ ቦታ አለው። ስለዚህ በርጫ ላይ የሚያወራው ደቻቱ ማዶና በቡድኑ ውስጥ ዝም የሚለው ደቻቱ ማዶ አንድ ሰው መሆናቸው አያስገርምም፤ ጨዋታ መውደድ አንድ መስመር ነው፣ ያለውን ለሌላ ማካፈል ግን ሌሎቹንም መስመሮች ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኩርት ማትዝለርና ባልደረቦቻቸው በአንድ የምህንድስና ድርጅት ሠራተኞች ላይ ባወጡት ጥናት ገርነት፣ ጠንቃቃነትና ክፍትነት ዕውቀትን ከማካፈል ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ይህ የሚጠበቅ ነው። አስደናቂው ነገር በዚያው ዓመት የያኢር አሚቻይ-ሃምበርገርና የባልደረቦቻቸው ጥናት ያሳየው ነው። 69 የዊኪፒዲያ ጸሐፊዎችን ከ70 ሌሎች ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ያለ ክፍያ ዕውቀት የሚያካፍሉት ጸሐፊዎች በገርነት፣ በክፍትነትና በጠንቃቃነት ዝቅ ብለው ተገኙ! በአንጻሩ «እውነተኛው እኔነቴ የሚገለጠው በኢንተርኔት ላይ ነው» የሚል ስሜት በእነርሱ ዘንድ በርትቶ ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሊሸከም አይችልም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ያስጠረጥረኛል። በሥራ ቦታ ዕውቀት ማካፈል ማለት የሚያውቁትን ባልደረባ መርዳት ነው፤ ለዚህ ገር ሰው ይመቸዋል። በአደባባይ መጻፍ ግን ብዙ ጊዜ የማያውቁትን ሰው «ተሳስተሃል» ማለትን ይጠይቃል፤ ለዚህ ደግሞ ገርነት እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ከላይ በተነሣው የጋዝ ጉዳይ አንጋፋዎቹ ልጁን ለማዳን ፈጥነዋል፤ ያልፈለጉት «በይደው» ያለውን ሰው በሕዝብ ፊት ማሳፈር ይመስለኛል። ይህ ራስ ወዳድነት አይደለም፤ ይሉኝታ ነው።

የደቻቱ ማዶ ሐሳብም በጥናት የታወቀ ነው። ካትሪን ኮነሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጽሑፍ ዕውቀትን መደበቅ አለማካፈል ብቻ እንዳልሆነ አሳይተው በሦስት ለይተውታል። አንደኛው «ነገ አሳይሃለሁ» እያሉ ማጓተት ወይም ጎዶሎ መልስ መስጠት፣ ሁለተኛው እያወቁ አላውቅም ማለት፣ ሦስተኛው ደግሞ «ይህንን መናገር አልችልም» ብሎ ምክንያቱን በግልጽ ማስረዳት ነው። ደቻቱ ማዶ የመረጠው ሦስተኛውን ነው፤ ከሦስቱ ማታለል የሌለበትም እርሱ ብቻ ነው።

የጀጎል ነርስ (ሐረር)፦

መምህር፣ ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። እኔ ግን በአምስቱ መስመሮች ውስጥ ራሴን ለማግኘት ተቸግሬአለሁ፤ ምክንያቱም ጠባዬ እንደ ተመልካቹ ይለዋወጣል። በአፎቻችን፣ ማለትም በሐረር የመረዳጃ ማኅበራችን ውስጥ፣ ሴቶች ተሰብስበው ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ ሲነሣ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ትልልቆቹ እናቶች እንኳ ዝም ብለው ያደምጡኛል። በፌስቡክ ግን አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲነሣ እጄ ይያዛል። በአፎቻ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴቶች እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። በፌስቡክ ግን አማቴም፣ አለቃዬም፣ የማስታምማቸው ሰዎችም፣ አብራኝ የተማረችውም፣ ጨርሶ የማላውቀው ሰውም በአንድ ጊዜ ያነቡኛል። ለአማቴ የሚስማማው አነጋገር ለአለቃዬ አይስማማም፤ ሁሉንም የሚያስደስት ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ሳልጽፍ እቀራለሁ።

ሴት መሆንም የራሱ ክብደት አለው። ወንድ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ጡት ማጥባት ሲጽፍ «ጎበዝ ባለሙያ» ይባላል፤ እኔ ስጽፍ የውስጥ መስመሬ ሰላምታ በሚመስሉ ሌሎች መልእክቶች ይሞላል። ስለዚህ እናቶች በሚጠያየቁበት አንድ ቡድን ውስጥ ስሜን ሳልገልጽ መጻፍ ጀመርኩ። ፌስቡክ በቡድን ውስጥ ስም ሳይታይ መለጠፍን ስለሚፈቅድ ከዚያ ወዲህ ያለ ሥጋት እጽፋለሁ። እርግጥ ነው፣ መድኃኒት አላዝም፤ ሳላያት የማላውቃትን ሕመምተኛ «ይህንን ዋጪ» ማለት ከሙያዬ ውጭ ነው። ነገር ግን ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናት ጡት በስተቀር ውኃም ቢሆን እንደማያስፈልገው፣ ትኩሳቱ ከበረታ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለበት ስጽፍ ማንም ስሜን ማወቅ አያስፈልገውም።

የለገሀሬ ጡረተኛ (ድሬዳዋ)፦

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ የምድር ባቡሩ ሰው ነበርኩ። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እዚህ በ1895 ዓ.ም. ባይደርስ ኖሮ ከተማዋም ባልኖረች። በባቡሩ ወርክሾፕ የነበሩት ዋና ዋና ባለሙያዎች የሚያስተምሩት በቃል አልነበረም። ሠልጣኙ ከጎናቸው ይቆማል፣ እጃቸውን ያያል፤ የመሣሪያውን ስም በፈረንሳይኛ ይጠሩለታል፣ ካጠፋ አንዲት ግልምጫ ትበቃዋለች። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገሩ ነበሩ፤ ነገር ግን ከእነርሱ እጅ የወጣ ሠልጣኝ የትም ቢሄድ አያፍርም ነበር። ዝምተኛ ሰው ዕውቀቱን አይሰጥም የምትሉ ከሆነ እኔ አልቀበልም፤ የሚሰጠው በእጁ ነበርና። ዛሬ ያ ሰው ቴሌግራም ቢገባ ምን ይጽፋል?

ሁለተኛው ነገር የራሴ ጠባይ ነው። አንድ ሰው ስለ ናፍጣ ሞተር ቢጠይቅ መልሱን ከመጻፌ በፊት አስባለሁ፣ ያሰብኩትን እንደገና አጣራለሁ፣ የተረሳ ነገር እንዳለ ለማወቅ የድሮ ማስታወሻዬን እገልጣለሁ። ጽፌ ስጨርስ ጥያቄው ከላይ ርቆ ሄዷል፤ ሦስት ወጣቶች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተውበት ወደ እግር ኳስ ወሬ ተሻግረዋል። ያን ጊዜ የጻፍኩትን አጥፍቼ ስልኬን አስቀምጣለሁ። የተናገሩት ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ይቀራል፤ በስሜ የተሳሳተ ነገር እንዲቀር አልፈልግም።

የሥነ ልቦና መምህር፦

ጋሼ፣ የጻፉልን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ እኔ ያላየሁትንም አሳይተውኛል። ጠንቃቃነት ዕውቀት ለማካፈል እንደሚረዳ የተነገረው ጊዜ በሚገኝበት በሥራ ቦታ ነው። መልእክት እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ቡድን ውስጥ ግን ይኸው ጠባይ ሰውን ወደ ኋላ ሊያስቀር ይችላል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ነገር ግን ከግል ልምዴ ጋር ይስማማል። ተማሪዎቼን በቡድን መልእክት ስጠይቃቸው የሚቀድሙት ፈጣኖቹ ናቸው፤ የሁለት ቀን ጊዜ ስሰጣቸው የሚበልጡት ሌሎች ናቸው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ላክል። ጃኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 በኢንተርኔት ማኅበረሰቦች ውስጥ 90 በመቶው ሰው አንባቢ ብቻ፣ 9 በመቶው አልፎ አልፎ የሚጽፍ፣ 1 በመቶው ደግሞ አብዛኛውን ነገር የሚጽፍ እንደሆነ በሻካራ ስሌት አስቀምጦ ነበር። ስለዚህ የጠጋኞቹ ቡድን ከሌላው ዓለም የተለየ ዝምታ የለበትም። መጠየቅ ያለበት 1 በመቶ የሚሆኑት እነማን እንደሆኑ ነው፤ የሚያውቁት ናቸው ወይስ የሚፈጥኑት?

ገንደ ቆሬ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። በድሬዳዋ ግማሹ ዝምታ የጠባይ ሳይሆን የጽሕፈት ነው። በሥራዬ ከማውቃቸው የኤሌክትሪክና የፓምፕ ባለሙያዎች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ነው። አማርኛውን ሲናገሩት ማንም አይበልጣቸውም፤ በስልክ ላይ በፊደል መጻፍ ሲመጣ ግን ያፍራሉ። አንዱ በላቲን ፊደል አማርኛ ሲጽፍ ሌላው ተነሥቶ ይስቅበታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው አይጽፍም። መምህር መጥተው መለኪያቸውን ቢሰጡት «ዓይን አፋር» ብለው ይመዘግቡታል። አቦ፣ ያ ሰው እኮ ታይዋን ገበያ ውስጥ በአራት ቋንቋ የሚከራከር ነው!

ደግሞስ ያ አምስት መስመር የሚባለው ነገር ለእኛ የተሠራ ነው?

የሥነ ልቦና መምህር፦

ጥያቄው ተገቢ ነው። መለኪያው በአብዛኛው የተገነባው በምዕራባውያን፣ በተለይም በተማሩ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ማይክል ገርቨንና ባልደረቦቻቸው በቦሊቪያ ደን ውስጥ እያደኑና እያረሱ በሚኖሩት በጺማኔ ሕዝቦች ላይ ሲሞክሩት አምስቱ መስመሮች እንደሚጠበቀው ተለይተው አልወጡም። ስለዚህ መለኪያውን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አልወስደውም። ስለ ቋንቋው የተናገርከውንም እቀበላለሁ፤ ጠባይን የሚመስል ነገር ሁሉ ጠባይ አይደለም። ሰውየው በድምፅ መልእክት እንዲመልስ ዕድል ቢያገኝና ያን ጊዜ ቢናገር፣ ቀድሞ የያዘው ጽሕፈቱ ነበር ማለት ነው፤ በድምፅም ዝም ካለ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

ደቻቱ ማዶ፦

የምትሉት ሁሉ ያምራል፤ ነገር ግን ወደ እንጀራው ጉዳይ ማንም አልተመለሰም። ዓይን አፋሩ በድምፅ ይናገር፣ ጠንቃቃው ጊዜ ይሰጠው፣ ሴቷ ስሟን ትደብቅ፤ መልካም ነው። እኔስ? ማካፈሌ ምን ይጠቅመኛል?

የሥነ ልቦና መምህር፦

ለዚህ ቅርብ የሆነ ጥናት አለ። ሞሊ ዋስኮና ሳመር ፋራጅ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የሕግ ባለሙያዎች በሚጠያየቁበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰዎች ለምን በነፃ እንደሚመልሱ መርምረው ነበር። ጠበቃ ምክሩን የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከእርስዎ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ያገኙት ውጤት፣ ሰዎች የሚመልሱት መልሱ በሙያቸው ስም እንደሚያስገኝላቸው ሲያምኑና ከሌሎች አባላት ጋር በብዙ ክር የተሳሰሩ ሲሆኑ ነው። «ነገ እኔም ስጠይቅ ይመልሱልኛል» የሚለው ተስፋ ግን እንዲጽፉ አላደረጋቸውም። ስለዚህ የሚጠቅምዎ ነገር ካለ ስምዎ ነው። ትክክለኛ መልስ የሰጠን ጠጋኝ አንባቢው ደንበኛ ያስታውሰዋል፤ ራሱ ሊሠራው ያልደፈረውን ብልሽትም ወደ እርሱ ይዞ ይመጣል።

የጀጎል ነርስ፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጋጫል፤ እንዳናልፈው። እኔን ያናገረኝ ስሜ አለመታወቁ ነው፤ እሳቸውን የሚያናግራቸው ደግሞ ስማቸው መታወቁ ሊሆን ነው። አንድ ሕግ ለሁለታችን አይሆንም። የቡድን መሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ይመስለኛል፤ ሁሉም ሰው እንዲጽፍ ሲፈልጉ እነርሱን ራሳቸውን የሚመቻቸውን መንገድ ለሁሉም ያዘጋጃሉ። ቡድን የሚከፍት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መናገር የሚወድ ሰው ነው።

የሳቢያኑ ጠጋኝ፦

እህቴ፣ የመጨረሻው ቃልሽ እኔኑ ነው የነካው፤ ሆኖም እውነት ነው። ያላችሁትን ሁሉ ከሌሎቹ አስተዳዳሪዎች ጋር ተነጋግረንበት የሚከተለውን ልንሞክር ተስማምተናል።

ከእሳት፣ ከጋዝና ከኤሌክትሪክ አደጋ ጋር የተያያዘ ጥያቄ ሲመጣ በግል ለአስተዳዳሪ የተላከ ማስጠንቀቂያ ወዲያው በቡድኑ ስም ይለጠፋል፤ የላከው ሰው ስም አይወጣም። ቴሌግራም አስተዳዳሪ በግል ስሙ ሳይሆን በቡድኑ ስም እንዲጽፍ ስለሚፈቅድ ይህ አያስቸግርም። አደጋ የሌለባቸው ከባድ ጥያቄዎች ደግሞ በተለየ ርዕስ ሥር ይቀመጣሉ፣ በሌላ ወሬ አይሸፈኑም፤ ጋሼ እንዳሉት ዘግይቶ የሚመጣ መልስ እንዲገኝ ማለት ነው። የድምፅ መልእክት በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም ይፈቀዳል፤ በሰው አጻጻፍ የሳቀ ከቡድኑ ይወጣል። እጁን እንጂ ቃሉን መስጠት ለማይወድ ሰው ወጣቶቹ ሥራውን በቪዲዮ እንዲቀርጹለት እንጠይቃለን፤ ፊቱ መታየት የለበትም።

ስሙ እንዲታወቅ ለሚፈልግ ደግሞ ከመልሱ ሥር የሱቁን ስም እንዲጽፍ እንፈቅዳለን። እስከ ዛሬ ይህንን ማስታወቂያ ነው ብለን እንከለክል ነበር።

ደቻቱ ማዶ፦

ስሙ ያልታወቀ ሰው የላከው ማስጠንቀቂያ ስሕተት ቢሆንስ? «በይደው» ያለው ሰው እኮ ስሙ እየታየ ነው ያለው፤ ስሙ ባይታይ ምን ይል ነበር? ጆን ሱለር የሚባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰው ስሙ በማይታይበት ቦታ ልጓሙ እንደሚላላ እ.ኤ.አ. በ2004 ጽፈዋል ብሎ የእህቴ ልጅ ነግሮኛል። መምህር ያርሙኝ።

የሥነ ልቦና መምህር፦

የሚታረም ነገር የለውም፤ ሱለር የጻፉት እንደዚያው ነው። በዚያው ጽሑፍ ደግሞ ልጓሙ ሲላላ ክፋት ብቻ ሳይሆን በሌላ ጊዜ የማይወጣ ደግነትና ግልጽነትም እንደሚወጣ ተናግረዋል። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው የቡድኑ አያያዝ ይመስለኛል።

የሳቢያኑ ጠጋኝ፦

ስለዚህ ለሌላው ሰው ስሙ የማይታይ ቢሆንም ለአስተዳዳሪዎች ይታወቃል፤ ከመለጠፉም በፊት ሥራውን የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ያየዋል። «እሳት አታስጠጋ፣ ቆይ» የሚለው ብቻ ማንንም ሳይጠብቅ ይወጣል፤ ሰውን ቆይ ማለት አይጎዳም።

የለገሀሬ ጡረተኛ፦

ይህ ይስማማኛል። ስለ ናፍጣ ጄኔሬተር የማውቀውን በድምፅ እሰጣለሁ፤ የልጅ ልጄ ይቀርጽልኛል። ፈረንሳይኛውን ስም ግን አልተውም፣ እናንተ ተርጉሙት።

ደቻቱ ማዶ፦

እንግዲያው እኔም የጋዙን ነገር እጽፋለሁ፤ የሱቄን ስም ከሥሩ አስቀምጣለሁ። አር 600ኤ ያለበትን ፍሪጅ ከመክፈት በፊት የኮምፕሬሰሩን ጽሑፍ እንዴት እንደሚያነቡ፣ ጋዙ እንዴት እንደሚወጣ፣ መስኮት መከፈት እንዳለበት፣ በአቅራቢያው የከሰል ምድጃ እንኳ መኖር እንደሌለበት በዝርዝር አስቀምጣለሁ። ስለ ሬሌውና ስለ ዋጋው ግን አትጠይቁኝ፤ እሱን የሚፈልግ ሱቅ ይምጣ።